ደግነት ምስክር እንጂ መጽናኛ አይደለም
«ልጁ» የተባለው ድምፅ አልባ ፊልም እንዴት መታየት እንደሚገባው

ድኻን አሳይቶ ማስለቀስ ለሥነ ጥበብ ከባድ ሥራ አይደለም። የተራበ ሕፃን፣ የተቀደደ ልብስና ቀዝቃዛ ደጃፍ ከተገኙ ዕንባ ሳይጠራ ይመጣል። ከባዱ ሥራ ከዕንባው በኋላ ያለው ነው፤ ይኸውም ተመልካቹ ዓይኑን ጠርጎ ሲነሣ «ምስኪን!» ብሎ ወደ ቤቱ እንዲገባ ሳይሆን «ለዚህ ተጠያቂው ማን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ቻርሊ ቻፕሊን ጽፎ፣ አዘጋጅቶና ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ተጫውቶ በ1921 ለሕዝብ ያቀረበው «ልጁ» የተባለው ፊልም (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመቶ ዓመት በኋላም ሕያው የሆነው ይህን ጥያቄ ስለሚያስነሣ ነው። የሚያሳዝነው ግን ከሚያወድሱትም ሆነ ከሚነቅፉት መካከል ብዙዎቹ ዕንባውን ብቻ አይተው ጥያቄውን መዝለላቸው ነው።

አወዳሾቹ «ድኻ ከሌለው ላይ ይሰጣል፤ ደግነት ገንዘብ አይጠይቅም» ይላሉ። ከዚህ አባባል ለባለጸጋው እጅግ የሚጥም መደምደሚያ ይከተላል፤ ድኻው በደግነቱ የበለጸገ ከሆነ ሌላ ምን ይጎድለዋል? የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። ይህን ፊልም አይቶ የሚጽናና ጥጋበኛ ግን ከዚያም ይብሳል፤ የተራበ መኖሩን ያውቃል፣ ነገር ግን የተራበው ደስተኛ ይመስለዋል። ነቃፊዎቹ በበኩላቸው ፊልሙ ለስላሳ ልብን የሚያባብል፣ የመደብን ጥያቄ የሸሸ፣ ጭቁኑን ከመታገል ይልቅ መተቃቀፍን የሚያስተምር ነው ይሉታል። ሁለቱ ወገኖች ተጻራሪ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ደግነትን ከድኽነት ምክንያት ነጥለው ያዩታል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስሕተታቸውን ለማሳየት ከፊልሙ ከራሱ የተሻለ ምስክር የለም።

ታሪኩ አጭር ነው። ያላገባች አንዲት ድኻ ሴት አራስ ልጅዋን ታቅፋ ከበጎ አድራጎት ሆስፒታል ትወጣለች። የሚቀበላት ቤት የለም። ሕፃኑን በአንድ ታላቅ ግቢ ደጃፍ በቆመ የባለጸጋ አውቶሞቢል ውስጥ፣ ላገኘው ሰው አደራ የሚል ማስታወሻ አስይዛ ትተወዋለች። አውቶሞቢሉን ሌቦች ይሰርቁታል፤ ሕፃኑን ባዩት ጊዜ በድኾች ሰፈር ጠባብ መንገድ ከቆሻሻ በርሜል አጠገብ ጥለውት ይሄዳሉ። ከየመስኮቱ የሚደፋውን ጥራጊ እየሸሸ የሚያልፈው ተንከራታች ያገኘዋል። አምስት ዓመት ያሳድገዋል። ልጁ ሲታመም ሐኪም ይጠራል፤ ሐኪሙ ልጁ የተንከራታቹ የሥጋ ልጅ አለመሆኑን ሲረዳ ለባለሥልጣኖች ያስታውቃል፤ የወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ ሰዎች መጥተው ሊነጥቁት ይታገላሉ። በዚህ መካከል ዝነኛ ተዋናይት የሆነችው እናት የራሷን ማስታወሻ በሐኪሙ እጅ አይታ ልጅዋን ታፈላልጋለች፤ በመጨረሻም ታገኘዋለች።

እዚህ ላይ መጀመሪያ ሊጤን የሚገባው ተንከራታቹ ሕፃኑን እንዴት እንዳገኘውና ምን እንዳደረገው ነው። አወዳሾቹ እንደሚያስቡት በመልአክ ልብ ዘሎ አላቀፈውም። በመጀመሪያ ከላይ ከመስኮት የወደቀ መስሎት ወደ ላይ ያያል። ቀጥሎ በአጠገቡ በምታልፍ እናት የሕፃን ጋሪ ውስጥ ሊያኖረው ይሞክራል፤ ትቆጣዋለች። ለአንድ ሽማግሌ አሸክሞት ይሮጣል፤ ሽማግሌውም በተራው ሕፃኑን መልሶ በዚያችው ሴት ጋሪ ያኖረዋል፤ ዱላው በተንከራታቹ ላይ ይወርዳል። ፖሊሱ ከዚህም ከዚያም ብቅ ይላል። በመጨረሻ ሰውየው በመንገዱ ዳር ተቀምጦ የፍሳሹን ቦይ ክዳን አንሥቶ ቁልቁል ይመለከታል፤ ለአንድ አፍታ ያመነታል፤ ከዚያም ይዘጋዋል። ማስታወሻውን የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

ያቺ የአንድ አፍታ ማመንታት የፊልሙ ሁሉ መሠረት ናት። ቻፕሊን ድኻው በተፈጥሮው ደግ ነው አላለም። የሚበላው የሌለው ሰው ሁለተኛ አፍ ሲጨመርበት ምን ሊያስብ እንደሚችል ሳይሸፍን አሳይቷል፤ ሳቁን በመካከሉ ያስገባውም አስፈሪነቱን ለማስቻል እንጂ ለመሰረዝ አይደለም። እንግዲህ ደግነቱ ከውስጥ እንደ ምንጭ የፈለቀ ጠባይ ሳይሆን ክዳኑን በመዝጋት የተደረገ ውሳኔ ነው። በዚያው ሰፈር የሚኖር ሌላ ድኻ የተለየ ውሳኔ ሊወስን እንደሚችል ፊልሙ ወደ ፍጻሜው ያሳያል፤ በሳንቲም የሚታደርበት ማደሪያ ቤት ጠባቂ በጋዜጣ የወጣውን የወሮታ ማስታወቂያ አንብቦ፣ የተኛውን ልጅ ከተንከራታቹ ጎን አንሥቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይወስደዋል። ስለዚህ «ድኾች እርስ በርሳቸው ይተዛዘናሉ» ብሎ በጅምላ መናገር ፊልሙን አለማየት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የቤቱ ኑሮ ነው። ተንከራታቹ የቡና ማንቆርቆሪያ በገመድ ሰቅሎ በአፉ ላይ የጡጦ ጫፍ ይገጥምለታል፤ ከጨርቅ አልጋ ያንጠለጥልለታል፤ የወንበሩን መቀመጫ ቀዶ መጸዳጃ ያደርግለታል። ልጁ አድጎ ቂጣ ሲጋግር ሰውየው ከአልጋው ይነሣና የብርድ ልብሱን ቀዳዳ በራሱ አጥልቆ እንደ ካባ ይለብሰዋል። ተመልካች በዚህ ሁሉ ይስቃል፤ መሳቁም ትክክል ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ሳቅ በአንድ ጉድለት ላይ የቆመ ነው። ጡጦ ስለሌለ ማንቆርቆሪያው ያስቃል፤ ልብስ ስለሌለ ብርድ ልብሱ ያስቃል። ቻፕሊን ጉድለቱን በስብከት ሳይናገር በዕቃው ቆጥሮ አሳይቷል።

እንጀራቸውስ ከየት ይመጣል? ልጁ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ ተንከራታቹ መስተዋት ተሸክሞ ድንገት እንዳለፈ መስሎ ይደርስና ጠግኖ ይከፈላል። እንግዲህ ደጉ አሳዳጊ ሕፃኑን ሕግ አፍራሽ አድርጎታል ማለት ነው። ድኽነትን በአበባ ሊሸፍን የፈለገ ደራሲ ይህን ትዕይንት አይጽፍም ነበር፤ ሰውየውን በላቡ የሚያድር ምስጉን ሠራተኛ ባደረገው ነበር። ቻፕሊን ያለው ሌላ ነው፤ ሁለት ፍጥረታት በፍቅር የሚኖሩበት ቤት በሐቀኝነት ብቻ ሊቆም ያልቻለበት ኅብረተሰብ አለ፤ ጥፋቱ ከቤቱ ነው ወይስ ከኅብረተሰቡ? ይህን የሚጠይቅ ፊልም መደብን ሸሽቷል ተብሎ ሊወነጀል አይችልም።

የክሱ ዋና ነጥብ ግን ማሳደጊያው የመጣበት ትዕይንት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ሕፃኑ ከበርሜል አጠገብ ሲወድቅ መንግሥት አልነበረም። በማንቆርቆሪያ ወተት ሲጠጣ አልነበረም። መስኮት ሲሰብር የመጣው ፖሊስ ብቻ ነው። ለልጁ ደኅንነት አስባለሁ የሚለው መሥሪያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ለመስጠት ሳይሆን ለመውሰድ። የመጣው ሹም በክብሩ ከመወጠሩ የተነሣ ተንከራታቹን በቀጥታ ሊያነጋግረው አይፈቅድም፤ የሚጠይቀውን ሁሉ በረዳቱ አማካይነት ያስጠይቃል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል አስተርጓሚ የተቆመው የቋንቋ ልዩነት ኖሮ አይደለም፤ የመደብ ልዩነት እንጂ። ልጁ በጭነት መኪናው ላይ ተወርውሮ እጁን ዘርግቶ ሲለምን፣ ተንከራታቹ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ሲከተል፣ ደርሶም ሹሙን ከመኪናው ሲያወርደው ተመልካቹ ከሕግ ጋር ሳይሆን ከሕግ ተላላፊው ጋር ይቆማል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠን ሕዝብ በሙሉ ያለ አንድ ቃል ከሥልጣን ተቃራኒ ወገን ማቆም ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ደግሞ ከሐሳብ የተፈጠረ ጉዳይ አልነበረም። በአሜሪካ ከ1854 እስከ 1929 ድረስ ወደ ሁለት መቶ ሺሕ የሚገመቱ ልጆች ከኒው ዮርክና ከሌሎች የምሥራቅ ከተሞች በባቡር ተጭነው ወደ መካከለኛው ምዕራብ የገበሬ ቤቶች ተልከዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወላጅ የነበራቸው፣ ግን ወላጆቻቸው የሚያበሉት ያጡ ነበሩ። በ1909 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዋሽንግተን የጠሩት ጉባኤ አንድ ልጅ በድኽነት ምክንያት ብቻ ከቤቱ ሊነጠቅ አይገባም ሲል ወሰነ። ከ1911 ጀምሮም ኢሊኖይ ቀድማ፣ ሌሎች ግዛቶች ተከትለው ለድኻ እናቶች የገንዘብ ድጎማ ደነገጉ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ የሚሰጠውም በአብዛኛው «የተገባቸው» ለተባሉ፣ ባል ለሞተባቸው ሴቶች ነበር። ያለ ጋብቻ የወለደች ሴት ከብዙው ቦታ በር ላይ ትመለስ ነበር። የፊልሙ እናት ያለ ጋብቻ የወለደች መሆኗ እንግዲህ ለታሪኩ ማጣፈጫ አይደለም። የተንከራታቹም ዝምድና የሌለው መሆን እንዲሁ ነው። ቻፕሊን ሕጉ ያልቆጠራቸውን ሁለት ሰዎች መርጦ ሕጉን በእነርሱ ለካው።

ለመሆኑ ይህን ከየት አወቀው? አንዳንዶች ፊልሙን በደራሲው የግል ሐዘን ሊፈቱት ይወዳሉ፤ ሥራው ሊጀመር ሲል፣ በሐምሌ 1919፣ የቻፕሊን የበኩር ልጅ በተወለደ በሦስት ቀኑ መሞቱ እርግጥ ነው። ሐዘን ልብን ያንቀሳቅሳል፤ የማሳደጊያውን የጭነት መኪና ግን አያስተምርም። መኪናውን ያስተማረው የላምቤዝ ሰፈር ነው። ቻፕሊን በ1889 ለንደን ተወልዶ፣ በ1896 ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ከሐናና ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር የላምቤዝ ድኾች ማጎሪያ ገብቷል። እዚያም እናቱን ከልጆቿ ለዩአቸው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ሃንዌል ወደሚገኘው የድኻ ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። ማጎሪያው እናትን ከልጅ የሚለይ ሥርዓት እንደ ነበረው በመጽሐፍ አላነበበም፤ በገዛ አካሉ ተማረው። ስለዚህ በፊልሙ ያለው የልጁ ጩኸት የአንድ ቤት ሐዘን ሳይሆን የአንድ ሥርዓት ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ጥብቁ ነቃፊ «ይሁን፤ ነገር ግን መፍትሔው የት አለ? ተንከራታቹ ለምን አይደራጅም? ለምን ብቻውን ይሮጣል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለንጽጽርም የኒኮላይ ኤክን የ1931 የሶቪየት ፊልም፣ «የሕይወት መንገድ»ን ይጠቅሳል። በዚያ ፊልም ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በየጎዳናው የፈሰሱ ልጆች ወደ ሥራ ማኅበር ገብተው፣ በእምነትና በሥራ ሰው ሆነው ይታያሉ። ፊልሙ ትልቅ ሥራ ነው፤ ለጎዳና ልጅ ከምጽዋት ይልቅ መዶሻና አደራ መስጠት እንደሚገባ በማስተማሩ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም በፊልም ውስጥ መልካም ተቋም ማሳየት በአገር ውስጥ መልካም ተቋም መኖሩን አያረጋግጥም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1935፣ በዚያው አገር የወጣው ድንጋጌ ከ12 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች በስርቆትና በሌሎች ወንጀሎች እንደ አዋቂ እንዲቀጡ ፈቀደ። እንግዲህ መፍትሔውን ያሳየ ፊልም ሁሉ እውነተኛ፣ ጥያቄውን ያነሣ ፊልም ሁሉ ጎደሎ ተብሎ ሊፈረድ አይገባም። አንዳንድ ጊዜ መልሱ ከጥያቄው ፈጥኖ ያረጃል።

ይህ ማለት «ልጁ» እንከን የለውም ማለት አይደለም። እንከኑ ፍጻሜው ነው። ዝነኛዋ እናት ወደ ድኾች ሰፈር መጥታ አሻንጉሊት ስታድል፣ ከተቀባዮቹ አንዱ የራሷ ልጅ ሆኖ ሳለ ሳታውቀው ታልፈዋለች፤ ይህ የምጽዋትን ዕውርነት የሚያጋልጥ ብርቱ ሐሳብ ነበር። ፊልሙ ግን ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አልተከተለውም። በፖሊስ አውቶሞቢል ተጭኖ የመጣው ተንከራታች በባለጸጋዋ ደጃፍ ከልጁ ጋር ይገናኛል፤ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል። ስንት ልጆች በዚያ ጠባብ መንገድ ቀሩ? እናቱ ዝነኛ ተዋናይት ያልሆነችለት ልጅ ምን ሆነ? ፊልሙ አይመልስም። ቻፕሊን ራሱ በ1971 ፊልሙን በገዛ ሙዚቃው አጅቦ እንደ ገና ሲያወጣ ከእናቲቱ ታሪክ ጥቂት ትዕይንቶችን ቆርጧል፤ በሩን ግን አልነካውም።

ይሁን እንጂ ከዚያ በር በፊት ያለው ሕልም እዚህ ላይ ሊረሳ አይገባም። ተንከራታቹ ልጁን አጥቶ በደጃፉ እንቅልፍ ሲወስደው ያ ቆሻሻ ሰፈር ገነት ሆኖ ይታየዋል፤ ጎረቤቱ፣ ጠበኛው፣ ፖሊሱም ሳይቀር ክንፍ አውጥተው በአበባ መካከል ይበርራሉ። ግን ሰይጣናት ሾልከው ይገባሉ፤ ጠብ ይነሣል፤ ክንፍ ያለው ፖሊስ ተኩሶ የሚበርረውን ተንከራታች ይጥለዋል። ሰው ሁሉ ክንፍ ቢያወጣ እንኳ ጠመንጃው በአንዱ እጅ እስከ ቀረ ድረስ ገነት አይጸናም ማለት ነው። ይህን ሕልም ያየ ተመልካች የመጨረሻውን በር ሳይጠራጠር ማመን አይኖርበትም።

ፊልሙ ሳያስበው ያስነሣው ሌላ ክስ ደግሞ አለ። ልጁን ሆኖ የተጫወተው ጃኪ ኩጋን በ1914 የተወለደ ነው፤ ሥራው ሲጀመር አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ዓለምን ያስለቀሰው የመኪናው ላይ ልቅሶ እንዴት እንደ ተገኘ ቻፕሊን በሕይወት ታሪኩ ተርኮታል፤ ሕፃኑ አላለቅስ ሲል የገዛ አባቱ ካላለቀስክ ወደ ድኾች ማጎሪያ ትወሰዳለህ ብሎ አስፈራራው። ስለ ማጎሪያ ጭካኔ የሚናገረው ዕንባ በማጎሪያ ማስፈራሪያ ተቀዳ! ልጁ በኋላ አባቱ እንደሚቀልድ ያውቅ እንደ ነበር ለቻፕሊን በሹክሹክታ መናገሩ ነገሩን ያቀለዋል እንጂ አይሰርዘውም። ከዚያ በኋላ ኩጋን በልጅነቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ገንዘብ ሠራ። አድጎ በ1938 ገንዘቤን ብሎ እናቱንና የእንጀራ አባቱን በፍርድ ቤት ሲከስ፣ ሕጉ የልጅ ገቢ የወላጅ ነው ስለሚል፣ ከዚያ ሁሉ የደረሰው 126,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ነገሩ ሕዝብን አስቆጥቶ በ1939 የካሊፎርኒያ ግዛት ከሕፃናት ተዋንያን ገቢ ከፊሉ ለራሳቸው እንዲጠበቅ የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ እስከ ዛሬ ድረስ በኩጋን ስም ይጠራል።

ልዩነቱ ይስተዋል። በ1921 ሚሊዮኖች ለፊልሙ ልጅ አለቀሱ፤ ለተዋናዩ ልጅ ግን ያ ልቅሶ አንዲት ሳንቲም አላተረፈለትም። የጠቀመው፣ እርሱን ባይሆን እንኳ ከእርሱ በኋላ የመጡትን የጠቀመው፣ ከ18 ዓመት በኋላ የወጣ አንድ ደረቅ የሕግ አንቀጽ ነው። ስለዚህ ዕንባ ይናቅ ማለት አይደለም፤ ያለ ዕንባ ሕጉን የሚጠይቅ አይነሣም። ነገር ግን በዕንባ የቆመ ዕንባ ለአልቃሹ እንጂ ለተለቀሰለት አይጠቅምም።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው የኪነት ሰው ሥራ በየትም አገር አንድ ዓይነት ፈተና ስላለበት ነው። በአማርኛ መድረክና ስክሪን ላይም የጎዳና ልጅ ይቀርባል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚቀርበው ተመልካቹን አስለቅሶ ለመውጣት፣ ወይም የዋናውን ገጸ ባሕርይ ደግነት ለማሳየት ነው። ልጁ ስም አይኖረውም፤ ቀልድ አይቀልድም፤ አይሰርቅም፤ አይቆጣም። እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ባለ ርኅራኄው መጥቶ ያነሣዋል፤ መጋረጃው ይዘጋል። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ለልጁ ስም፣ ድንጋይ፣ ቂጣና ቡጢ ሰጥቶት ሳለ፣ ቃል ሞልቶ የተረፈው ድራማ ልጁን ዲዳ ማድረጉ ያሳፍራል።

ስለዚህ መምህሩ ይህን ፊልም ለተማሪዎቹ ሲያሳይ በመተቃቀፉ ላይ አይቁም፤ «ሹሙ ለምን በረዳቱ በኩል ተናገረ?» ብሎ ይጠይቅ። ተውኔት ጸሐፊው ድኻን ደግ አድርጎ ሲስል፣ ያ ደግነት የማንን ሥራ ሸፍኖ እየሠራ እንደ ሆነ አብሮ ይጻፍ፤ ተንከራታቹ የሠራው በሙሉ፣ ጡጦውም፣ አልጋውም፣ ሐኪም መጥራቱም፣ የኅብረተሰቡ ግዴታ የነበረ ነውና። ካድሬውና የሕዝብ ጉዳይ ኃላፊው ደግሞ የድኾችን መረዳዳት በስብሰባ ላይ ከማወደሳቸው በፊት ወደ ራሳቸው መሥሪያ ቤት ይመልከቱ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲደግፍ ማየት ለባለሥልጣን የኩራት ምንጭ ሊሆን አይገባም፤ የሥራ ዝርዝር ነው። የድኻ ደግነት የሚመሰክረው ሌላው ባልሠራው ሥራ ላይ ነውና፣ ምስክሩን አጨብጭቦ ማሰናበት ሳይሆን ቃሉን መዝግቦ ተጠያቂውን መጥራት ያስፈልጋል።